አባ መቀስ ጀላል ስለ አንዲት ቱቦ ቅባት የዘመቱት ዘመቻ

በስመ እግዚአብሔር መሐሪ ወመስተሣህል። የቀኝ መርፌ የግራ መቀስ ጌታ፣ ሱሪ አሳጣሪ፣ ቀሚስ አስረዛሚ፣ ከዒድ ሰሞን በቀር ቀጠሮ አክባሪ የሆኑት አባ መቀስ ጀላል በስፌት መኪናቸው ዙፋን በተቀመጡ በሃያ ስድስተኛው ዓመት፣ መዳፋቸው መሰንጠቅ በጀመረ በሁለተኛው፣ በደሴ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ቧንቧ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ በሰጠበት በዚያ በተባረከ ሳምንት፣ ቅባት ፍለጋ የወጡበት ዜና ይህ ነው።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነበር። ልጃቸው ኢንቲሳር ለኮምቦልቻው መካኒክ ለአብዱልሐሚድ ታጭታ ኒካሑ ከሃያ ሁለት ቀን በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ነበርና፣ በኒካሕም ጊዜ የአባት መዳፍ ከሙሽራው መዳፍ በሽማግሌዎች ፊት ይገጥማልና፣ የአባ መቀስ መዳፍ ደግሞ በጋ እንደ መታው ዋልካ መሬት ተሰነጣጥቆ ደሙ የሚሰፉትን ነጭ ጨርቅ እየነካ ደንበኛ ያሸሽ ነበርና፣ ይህን እጅ ለሰው ልጅ እንዴት እዘረጋለሁ ብለው እንቅልፍ አጡ። እጅግም አፈሩ።

ጓንት ባሰቡ ጊዜ የጤና መድን ደብተሩ ጠባቂ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሁስኒያ በሳሎኑ መካከል ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦ «በጓንት ልጁን የዳረ አባት በወሎ ምድር አልታየም፤ ወላሂ በእኔ ቤት አይጀመርም። አብሽር፣ ሐኪም አለ።»

ወእምዝ ሐኪም ዘንድ ገቡ። ሐኪሙም ማንም በማያነበው ጽሕፈት የቅባት ስም ጽፎ ማኅተም መትቶ ሰጣቸው። በደብተሩ በነጻ ያገኙት ዘንድ በመድኃኒት መስኮት ተሰለፉ፤ ከፊታቸውም አንድ መነኩሴ፣ ሁለት ነፍሰ ጡሮች፣ ጥርሱን የያዘ ወታደር፣ ለሌላ ሰው ወረፋ የያዘ ሰው፣ ወረፋ ለሚይዘው ሰው ወረፋ የያዘለት ሰውም ነበሩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ከመስኮቱ ውስጥ አዋጅ ወጣ፦ «የለም። ከውጭ ግዙ።» ይህን ያህል አጭር አዋጅ በዚያ ዘመን አልተሰማም።

በውጭ ያለው መድኃኒት ቤት ግን አውራ ጣት ለምታክል ቱቦ ለሠርጉ ዘይት የተያዘውን ገንዘብ በሙሉ ጠየቀ። አባ መቀስም በደሴ ገበያ ጨርቅ ሲገዙ የኖሩ ነበሩና የገበያን ሕግ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ሕጉም ግማሹን ጥራ፣ ሻጭ እንቢ ሲል ፊትህን አዙር፣ በሦስተኛው እርምጃ ተመለስ ትባላለህ ይላል። ስለዚህ ግማሹን ጠሩ፤ ባለጋዋኑም እንቢ አለ፤ ፊታቸውን አዙረው ሦስት እርምጃ ሄዱ። አልተጠሩም። አልሰማ ይሆናል ብለው አራተኛውንና አምስተኛውን አዘገሙት፤ በስድስተኛው አስፋልት ላይ ነበሩ። በሁለተኛውም መድኃኒት ቤት እንዲሁ ሆነ፤ እስከ ሰባተኛውም ድረስ የጠራቸው አልተገኘም።

ያን ጊዜ ምክር ተደረገ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ገበያነሽ እሬት ይቀቡ ብለው ፈረዱ፤ የባጃጅ ጌታ ሞላ ግን ኮምቦልቻ ሁሉ ነገር ርካሽ ነው አለ። የደሴ ሰው ስለ ኮምቦልቻ እንዲህ ያምናል፤ የኮምቦልቻም ሰው ስለ ደሴ። ማክሰኞ ማለዳም ጦሩ ተነሣ፤ ሁስኒያ ደብተሩን ይዘው፣ ሞላ ያለ ባጃጁ፣ ገበያነሽም የተቆረጠ እሬት በፌስታል ቋጥረው፣ በሚኒባስ ኋላ ወንበር ተጠጋግተው ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወረዱ።

በኮምቦልቻም አባ መቀስ በመጀመሪያው መድኃኒት ቤት ግማሹን ጠሩ፤ ፊታቸውንም አዞሩ። በሦስተኛው እርምጃ ተጠሩ። ልባቸው ዘለለ። ጽናት የተባለችው የመድኃኒት ባለሙያ ግን ከዋጋው አንድ ብር አልቀነሰችም፤ እንዲህ ስትል አወጀች እንጂ፦ «ጋሼ፣ ይመለሱ። ይህ የተጻፈው ፋብሪካው ያወጣለት ስም ነው። መድኃኒቱ የራሱ ስም አለው፤ ያው መድኃኒት በሌላ ፋብሪካ ተሠርቶ እዚሁ አለ፤ ዋጋው የዚህን ሩብ አይሞላም። ነገር ግን ያለ ሐኪሙ ፊርማ አልቀይርም።» ስሙንም በካርቶን ቁራጭ ጽፋ ሰጠቻቸው።

ሐረጎን መልሰው ወጡ። በማግሥቱም በሐኪሙ በር እስከ ስድስት ሰዓት ቆሙ። ሐኪሙ ካርቶኑን አይቶ ወዲያው ቀይሮ ፈረመ፤ እንዲህም አለ፦ «ሁለቱም አንድ ናቸው። ዋጋ እንደሚከብድዎ ቢነግሩኝ መጀመሪያውኑ ይህን እጽፍ ነበር።» በሰባት መድኃኒት ቤት ሲከራከሩ ያላፈሩት አባ መቀስ፣ ለሐኪም ገንዘብ የለኝም ማለት ነውር መስሏቸው ነበር።

ቅባቱ ደሴም ሳይገኝ አይቀርም ነበር፤ ጀግና ግን ወደ ጠራው ይሄዳልና እንደ ገና ኮምቦልቻ ወርደው ከጽናት እጅ ገዙ። እርሷም የመጨረሻውን አዋጅ ነገረች፦ «በቀን ሁለት ጊዜ፣ በስሱ። እንደ ቅቤ አይለቅለቁት።»

ዕለተ ኒካሕ ደረሰ። የአባ መቀስ መዳፍ ባይለሰልስም ቁስሉ ገጥሞ ነበር፤ ቢስሚላህ ብለው ዘረጉት። ሙሽራው ግን እጁን ከጀለቢያው ሊያወጣ ዘገየ፤ ሽማግሌዎቹም ተያዩ። በመጨረሻ በወጣ ጊዜ አባ መቀስ እንደ ኒካሕ ወግ እጆቻቸውን በሸፈነው ነጭ ጨርቅ ሥር የጨበጡት መዳፍ በቤንዚንና በሳሙና ተበልቶ፣ ከእርሳቸው የቀድሞ መዳፍ የከፋ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፋ። እርሱም ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ኖሯል። አባ መቀስም አዘኑለት፤ በዚያችም ሰዓት ወደዱት። አጥብቀው ያዙት፤ ሸሁ ጨርሰው ዱዓው ደርሶ አሚን ከተባለ በኋላም አልለቀቁትም።

ሁሉም እየሰማ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ልጄ፣ አብሽር። ይህ ይድናል። ሐኪሙ ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ ዋጋውን ሳታፍር ትነግረዋለህ፤ አንተ ካፈርክ እኔ እነግርልሃለሁ።»

ስለዚህም ለአባ መቀስ ጀላል፣ ለመርፌ አቅኚው፣ ሐረጎን በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ወርደው ሁለት ጊዜ ለወጡት፣ ምስጋና ይገባል። በሁለቱ ከተሞች መካከል እርሳቸውን የመሰለ ዘማች አልተነሣም፤ ልጃቸውን ድረው ልጅ ይዘው ገብተዋልና።