ቤቴ በር ላይ ሲደርስ የሚሞተው ሬዲዮ

እስቲ ይህን ጉድ ስሙኝና ፍረዱ። ዛሬ ቦንጋ መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ የተከበሩ ሰውን "ሌባ!" አልኩ።

ይህን የምጽፈው ኢንተርኔት ካፌ ቁጭ ብዬ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ተመድቤ ስመጣ የያዝኩት ሬዲዮ ቤት ውስጥ እምቢ አለኝ። ስካን ሳደርገው ቁጥሩ ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ አንድም ኤፍኤም ላይ አይቆምም። ሽሽሽሽ ብቻ! ዳገቱ ላይ ሱቅ ላላቸው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ለጋሽ አድማሱ ወሰድኩላቸው። ከፈቱት፣ ጠራረጉት፣ ዜናው ጥርት ብሎ ተሰማ።

ቤት መለስኩት። ሽሽሽሽ!

ተመልሼ ወሰድኩት። እሳቸው ጋ ይዘፍናል። እኔ ጋ ዲዳ!

ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ንዴቴ ጣራ ነክቷል። "ጋሽ" ማለቱን እርግፍ አድርጌ ትቼ፣ "አንተ! የውስጡን ዕቃ ቀይረህብኛል! ሌባ!" ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ።

ጋሽ አድማሱ አልተቆጡም። ሱቁን እንዳለ ትተው፣ ሬዲዮውን እንደተከፈተ ይዘው፣ "መምህር፣ ቤትህ እንሂድ" አሉኝ። ሰዉም ተከተለን። ሰርግ ነው የሚመስለው!

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጋዜጠኛው ያወራል። ታጠፍን፤ ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። የግቢዬ በር ላይ... ሽሽሽሽ።

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሱ። ጋዜጠኛው አወራ! ሁለት ወደ ፊት። ሽሽሽሽ!

ክው አልኩ።

"ቤትህ ገደል ሥር ነው" አሉ። "ማሰራጫው ከኮረብታው ወዲያ ማዶ። ሞገዱን ኮረብታው ይጋርደዋል፣ የተረፈውን ደግሞ ቆርቆሮህ። የልጄ ደብተር ላይ አለ እኮ፤ አንተው ነህ ያስጻፍካት።"

አዎ ወገኖቼ። የማስተምረው ፊዚክስ ነው!!!

እዚያው ሰዉ ፊት፣ "ጋሽ፣ በእግዜር ይቅር ይበሉኝ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

"እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ። ልጄ ግን ሱቅ ውስጥ ነበረች። አባቷ ሌባ ሲባል ሰምታለች። ነገ አንተው ንገራት።"

ሬዲዮዬን ተቀብዬ በቀጥታ ወደዚህ ካፌ መጣሁ።

ነገ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእሷ ክፍል ነው። ሃምሳ ተማሪ ፊት ስለ ሞገድ ስቀባጥር የከረምኩት ሰውዬ፣ አንዲት ልጅ ፊት ምን ብዬ አፌን ልክፈት? ኮመንት ላይ ምከሩኝ እስቲ!