ነባር የሌለበት ሰፈር

ከተማ እንዴት እንደሚያድግ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እውነቱን ለመናገር አስቤ አላውቅም ነበር። ከተማ ስንመጣ የነበረ፣ ስንሄድም የሚቀር ነገር ይመስለኝ ነበር። እኛ አገር እንደሆነ ሰፈር የሚያድገው በሰው ነው። አንዱ ይመጣና አጥር ያጥራል፤ ዘመዱን ይጠራል፤ ዘመዱ ሱቅ ይከፍታል፤ ከሱቁ አጠገብ አንዷ ሻይ ማፍላት ትጀምራለች፤ መንገዱም እግር በበዛበት በኩል እየተጣመመ ይሄዳል። ስም የሚወጣለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እዚህ ጀርመን ግን ነገሩ ከጅራቱ ይጀመራል። መጀመሪያ ስም ይወጣለታል፣ ከዚያ መንገድ ይዘረጋለታል፣ መብራት ይተከልለታል፣ ኡ-ባን የሚሉት የከተማ ባቡር እስከ ደጁ ይመጣለታል፣ መጨረሻ ላይ ሰው ይፈለግለታል።

ቴክሳስ ያለችው የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን በስልክ ቪዲዮ ከተማዋን አስጎበኘችኝ። ሰፊ መንገድ፣ ሰፊ ሰማይ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ ቤት በቤት ላይ። «ይሄ ሁሉ እኮ በቆሎ ነበር» አለችኝ በኩራት። «ሰዎቹስ የት ናቸው?» ብላት፣ «መኪና ውስጥ ናቸዋ!» አለች። እንዴት እንደሳቅኩባት! እዚህ ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም ሰፈር ተቀምጬ፣ ከመስኮቴ ሥር ጎረምሳውም አሮጊቱም ሲተራመስ እያየሁ ማን ይችለኛል? ሳቄን ሳልጨርስ ፍራንክፈርትም የራሷን ሠራችልን።

ስሙን አልጠራም፤ ነዋሪዎቹ ይቀየሙኛል። በሰሜን በኩል፣ ባቡሩ ከዚህ ወዲያ አልሄድም ብሎ የሚቆምበት ቦታ ነው። ትናንት ድንች ይሁን ስንዴ የሚዘራበት እርሻ ነበር፤ ዛሬ ነጫጭ ቤቶች፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ በየደጁ በሦስት እንጨት የታሰረ አንድ አንድ ችግኝ። ችግኞቹ ጥላ እስኪኖራቸው ድረስ ከሥራቸው የሚጫወቱት ልጆች አድገው ይሄዳሉ። ጠዋት ጠዋት ከቀረው እርሻ ላይ ጉም ይነሳል፤ ያን ጊዜ የመሃል ከተማው የባንክ ፎቆች ከወገባቸው በታች ይጠፉና ላይ ላዩን ተንሳፍፈው ይታያሉ። ዝምታውማ አይወራም። እዚያ በሄድኩ ቁጥር ግማሽ ልቤ ያንቀላፋል። የማየው ይሁን የማልመው ሳልለይ እመለሳለሁ።

ወደዚያ የሚያመላልሱኝ ጋሽ በርሄ ናቸው። ጋሽ በርሄ አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ተምረው፣ ኦስትሃፈን የወንዝ ወደቡ ላይ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲጭኑ ሲያወርዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል፤ ቁጣቸውም እንደዚያው። ሥራ የገባሁ ሰሞን ፎርክሊፍት መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ደብዳቤያቸውን እጽፋለሁ። ከእኛ መካከል ጀርመንኛ መጻፍ የሚችል ሰው ምን ዓይነት ኑሮ እንደሚኖር ታውቁ የለ? ለክርስትና ተጠርቶ እንኳ ሳህኑን ሳያነሳ የሚሞላ ቅጽ፣ ፎርሙላር፣ ይሰጠዋል።

ጋሽ በርሄ ሠላሳ ዓመት ግሪስሃይም የሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ ኖሩ። ከዚያ ልጃቸው ሰናይት ቤት ገዛች፤ ይኸው አዲሱ ሰፈር ውስጥ። ሰናይት ነርስ ናት፤ ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። የፈለገችው ዝምታ ነው፤ አገኘችው። ለአባቷ ጉልበታቸው ደረጃ እንዳይወጣ ብላ የምድር ቤቱን ክፍል፣ ወደ መንገዱ የሚያየውን፣ ሰጠቻቸው። መንገዱ ላይ የሚያልፍ ሰው ያያሉ ብላ ነው። የሚያልፍ ሰው ቢኖር ኖሮ ጥሩ ሐሳብ ነበር።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ደወሉልኝ። «ና። ሰናይት እንዳትሰማ።»

ስደርስ ሰናይት ፎቅ ላይ ተኝታለች። ጋሽ በርሄ በሹክሹክታ አስቀመጡኝና አንድ ወረቀት ፊቴ ዘረጉ። የግሪስሃይሙ ቤት አከራይ ድርጅት የላከው ነው፤ በድሮው ሕንፃቸው ምድር ቤት አንዲት ክፍል ተለቃለች፣ ከፈለጉ እስከ ዓርብ ቀትር ፈርመው ይመልሱ ይላል። ደነገጥኩ። ልጅቱ በእዳ ቤት ገዝታ፣ በክፍሉ ቀለም እንኳ አባቷን አስመርጣ፣ እሳቸው ተደብቀው ሊወጡላት ነው!

«ጋሽ በርሄ፣ ሰናይት ስትሰማ ምን ትላለች?»

«ታለቅሳለች።»

«ታዲያ?»

«እኔስ ምን እያደረግኩ ነው የምኖረው? እንባዬ ስላልወረደ ነው?»

ከዚያ በሹክሹክታ ተቆጡኝ። በሹክሹክታ የተቆጣ ሰው አይታችሁ ካላወቃችሁ ብዙ ነገር ቀርቶባችኋል። «አሥራ አራት ወር! አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድ ሰው፣ አንድ የእግዜር ፍጡር፣ ይህን በር አንኳኩቶ እንኳን ደህና መጣችሁ አላለም። ግሪስሃይም የገባሁ ቀን ገና ፍራሼን ሳላወርድ የጎረቤቴ የቱርኩ ሚስት ሾርባ ይዛ መጣች። ሰው መሆን ማለት ይሄ ነው። አገራችንስ? አዲስ ሰው ገብቶ ዳቦ ሳይገባለት ያድራል? እነዚህ ግን በሩን የሚያውቁት የመኪናቸውን ብቻ ነው።»

እኔ ደግሞ ዐዋቂ ነኛ፤ አስተማርኳቸው። እዚህ አገር ደንቡ ሌላ ነው አልኳቸው፤ አዲስ የገባው ሰው ነው በየበሩ ደወል እየደወለ እኔ እገሌ ነኝ፣ አዲሱ ጎረቤታችሁ ነኝ የሚለው።

«እንግዳው ለራሱ እንኳን ደህና መጣህ ይበል?» አሉ ዓይናቸውን አፍጥጠው። «እሱ ጉርብትና ሳይሆን ልመና ነው። እኔ በርሄ ለጉርብትና አልለምንም። ጻፍ!»

ምን አደርጋለሁ፤ ብዕሬን አወጣሁ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አሁን ያሉበት አድራሻ። ቀጥሎ፣ እዚህ አድራሻ የሚኖሩት ከመቼ ጀምሮ ነው የሚል መጣ።

«ከአምና መጋቢት። እንዴት ያለ መጋቢት መሰለህ!» አሉና ሳላስበው ቁጣቸው በረደ። «መንገዱ ገና አስፋልት አልነበረውም፤ ጭቃ ነው። በሳንቃ ላይ ተራምደን ነው የገባን። ያ የምታየው ቤት ቦታ ላይ ክሬን ቆሞ ነበር። ማታ ጫፉ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ እሱን እያየሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭ ጉሙ ገና አልተነሳም፤ ሰፈሩ የለም፣ ድምፃቸው ብቻ ነው ያለው። «ከዚያ ይህች የግድግዳ ጎረቤታችን መጣች፣ በሰኔ። ብቻዋን ናት። መኪናው ሙሉ አበባ ነበር፤ የሸክላ ዕቃ ሁሉ ከነአፈሩ። ቀጥሎ ፒያኖ ያላቸው ገቡ፤ ፒያኖው በበሩ አልገባም ብሎ ከሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ቆመ። መንትያ ያላቸው በመስከረም። ያ ረጅሙ ሰውዬ ደግሞ…»

የሁሉንም ያውቃሉ። የማንም ስም አያውቁም፣ ግን የማን ልጅ ስንት ጥርስ እንዳበቀለ ይነግሯችኋል። እኔም እየሰማኋቸው ደንዝዤ፣ አንዱ ቤት ካንዱ ኋላ ከእርሻው ውስጥ ሲበቅል እየታየኝ፣ በድንገት ብዕሬ ቆመ።

«ጋሽ በርሄ፣ እነዚህ ሁሉ ሲመጡ አንቱ እዚህ ነበሩ?»

«አልኩህ እኮ። ከእኛ በፊት ማንም የለም። የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን።»

«እንግዲያው ነባሩ ማን ነው?»

 ዳቦ ይዘው መምጣት የነበረባቸው ነባሮች ከነጭራሹ አልነበሩም። በእሳቸው ሕግ ሲታይ፣ አሥራ አራት ወር ሙሉ ያልተንኳኳው የእሳቸው በር ሳይሆን የሌላው ሁሉ በር ነው። ፊታቸው ሲቀላ አየሁ። ጋሽ በርሄን ሳውቃቸው ሲያፍሩ አይቼ አላውቅም ነበር።

«እኔ ነኛ!» አሉ ሹክሹክታውን ረስተው። «የእኔ ዕዳ ነው ለካ!» ወረቀቱን ሳይፈርሙ አጥፈው ከስኳሩ ዕቃ ሥር ከተቱት። «ነገ ና።»

ሐሙስ ስመለስ ቤቱ በጥቁር አዝሙድና በዳቦ ሽታ ታውዷል። አራት ሕምባሻ ጋግረዋል፤ ኮት ለብሰው፣ ከረቫት አስረው ይጠብቁኛል። ጀርመንኛቸው የመጋዘን ጀርመንኛ ነው፤ «አንሳ» እና «አስቀምጥ» ለማለት እንጂ ይቅርታ ለመጠየቅ አይበቃም። ስለዚህ እኔ አስተርጓሚም ትሪ ተሸካሚም ሆንኩ። በመጀመሪያ የሄድነው ወደ ግድግዳ ጎረቤታቸው፣ ወደ አበባዋ ሴትዮ ነው። በሩ ላይ ሆፍማን ይላል፤ ፍራው ሆፍማን፣ ማለትም ወይዘሮ ሆፍማን መሆኗ ነው። ደወልን።

ሰባ ዓመት ያለፋት ቀጭን ሴት ከፈተች። ጋሽ በርሄ ጎንበስ አሉና ሕምባሻውን በሁለት እጃቸው ዘረጉ። «እንኳን ደህና መጣሽ በላት» አሉኝ።

አልኳት። ሴትየዋ ዳቦውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ዞር ብላ ወደ ውስጥ አየች። እኛም አየን። ከኋላዋ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ካርቶን ነው።

«እኔ እኮ ቅዳሜ እሄዳለሁ» አለች። ቤቱ ተሸጧል፣ ውሉ ተፈርሟል፤ ካሰል ከተማ እህቷ ዘንድ ልትገባ ነው። ለምን ብንላት ሰው የለም እዚህ አለች። ሁሉም በአንድ ዓመት ገባ፤ ማን አዲስ፣ ማን ነባር እንደሆነ ማን ያውቃል? ሌላው ይደውል እያለ ሁሉም በየቤቱ ተቀመጠ። «አንድ ቀን» አለች፣ «የፕለም ኬክ ጋግሬ እስከ እናንተ አጥር በር መጥቼ ነበር። እኚህ ሰው መስኮቱ ላይ ቆመው ያዩኛል። የተቆጡ መሰለኝ። ፈራሁና ተመለስኩ። ኬኩን ሳምንት ሙሉ ብቻዬን በላሁት።»

ይህን ለጋሽ በርሄ መተርጎም አልፈለግኩም። እግዜር ያያል፣ ብዋሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ተረጎምኩት።

 «ተቆጥቼ አይደለም በላት» አሉኝ። «ስጠብቃት ነበር በላት።»

ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ አስገባችን፤ ወንበሩ ታሽጎ ስለነበር ካርቶን ላይ ተቀምጠን ሕምባሻውን በላን። ጥቁር አዝሙዱን በጥፍሯ እያወጣች ስታየው ጋሽ በርሄ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ ሳያውቁ እስከ አመሻሽ ድረስ ሲያወሩ፣ እኔም መተርጎሙን ትቼ አንዱን ካርቶን ተደግፌ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ።

ዓርብ ቀትር ሳይደርስ ስልኬ ጮኸ። «ጻፍላቸው። አልመጣም በላቸው።»

«ምክንያት ይጠይቃሉ።»

«ነባር ሰው ሰፈሩን ጥሎ አይሄድም በላቸው።»

እንዲህ ያለ ነገር የሚሞላበት ቦታ ፎርሙላሩ ላይ የለም፤ «በቤተሰብ ምክንያት» ብዬ ላክሁት። ቅዳሜ የፍራው ሆፍማን የዕቃ መኪና መጣ። ጋሽ በርሄ በዚያ ጉልበታቸው አበባዎቹን አንድ በአንድ አቅፈው ጫኑላት፣ ለሠራተኞቹ አላስነኩም። አቅፋቸው ሄደች። መኪናው ታጥፎ ከጠፋ በኋላም መሃል መንገድ ላይ ቆመው ቀሩ። «አንድ ዓመት ሙሉ ነበረን እኮ» አሉኝ። 

ከዚያ ወዲህ በር አላመለጣቸውም። ፒያኖ ያላቸውም፣ መንትያ ያላቸውም፣ ረጅሙም ሰውዬ፣ ከገቡ ወራት ያለፋቸው ሰዎች ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ ተባሉ። ሳህን ባዶ አይመለስምና በየተራ ኬክ፣ የድንች ሰላጣ፣ ጃም ተሞልቶ መጣ። የፍራው ሆፍማንን ቤት የገዙት ሕንዶችማ ፍራሻቸውን ሳያወርዱ ነው የተያዙት።

ባለፈው ሳምንት ሰናይት ደወለችልኝ። አባቷ ሊወጡላት እንደነበር አልነገርኳትም፤ እሳቸውም አልነገሯት። ድምፅዋ የድካም ነው።

«አባቴን ምን አድርገህብኝ ነው?» አለች። «ይህን ቤት ለዝምታው ብዬ ነው የገዛሁት፤ ሌሊት ቆሜ አድሬ ቀን መተኛት አለብኝ። ደወሉ እኮ አያርፍም! ትናንት በሌሊት ልብሴ ውሃ ልጠጣ ብወርድ ሰባት ሰው ሳሎን ተቀምጧል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በአንድ አፍ ጉተን ሞርገን፣ እንደምን አደርሽ አሉኝ!»

ሳቄን ዋጥኩት። እሷም ሳቋ መጣና መልሳ ዋጠችው። ደስታውን እያየሁ ክፉ ልናገር አልችልም አለች፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እስቲ አንተ ሰው ታውቃለህ፤ አባቴ እንዳይሰማ። ግሪስሃይም አካባቢ አንዲት ጸጥ ያለች ክፍል አትፈልግልኝም? ቀን ቀን ብቻ ገብቼ የምተኛባት።»

ምን ልበላት? የነበረችዋን ክፍል በገዛ እጄ ጽፌ መልሻታለሁ።

«እጠይቅልሻለሁ» አልኳት።