ከፍ ያለችው መኪናዬ

በሞባይል ያየሁትን ነገር ሁሉ ካልሞከርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። በሽታ ነው መሰለኝ።

በረሃ የሚያቋርጡ መኪኖችን ባየሁ ሰሞን፣ አሮጌዋን ፎርዊሌን እንደነሱ ላደርጋት ተነሳሁ። ከፍ እንድትል ባሌስትራዋን አስነሳሁ፤ ትልልቅ ጎማ አስገጠምኩ። ጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ሁለት ጀሪካን፣ አካፋ፣ መጥረቢያ ጫንኩ። እንጅባራ ላይ በረሃ ከየት ይመጣል? እኛ እኮ ፀሐይ ስትወጣ እንግዳ የመጣ የሚመስለን ሰዎች ነን።

የዳንግላው መካኒክ፣ ከፍ ካለች ፍሬኗና መሪዋ እንደገና ይታይ አለኝ። እሺ ብዬ አሠራሁ። መኪና ማንሻው ክሪክም አብሮ ይደግ፣ ተቀያሪ ጎማዋም ልኳ ይሁን ሲለኝ ግን ዕቃ ሊሸጥልኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ጠርጥሬ ተመነጠርኩ።

እውነቱን ልናገርና፣ ይህ ሁሉ ለአማቴ፣ ለሚስቴ አባት ነበር። አማቴ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ የታወቁ ፈረሰኛ ናቸው። ልጃቸውን ለትዳር ስጠይቅ የላክኋቸውን ሽማግሌዎች መጀመሪያ ያሏቸው “ፈረስ የለውም እንዴ?” ነው። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

ጥር ላይ ለፈረሰኞቹ በዓል በመኪና ልውሰድዎት ብዬ ለመንኳቸው። ጉልበታቸው ደክሞ ፈረስ ላይ መውጣት ስለቸገራቸው እሺ አሉ። መኪናዋም ለመውጣት እንዳትቸግራቸው ከበሯ ሥር የብረት መርገጫ አስበየድኩላት። ፈረሳቸውን ታናሽ ወንድማቸው እየሳቡ ከኋላ ተከተሉን። የፈረሰኞቹን ሰልፍ የሚመሩት አማቴ ናቸው፤ እሳቸው ካልደረሱ አይነሳም።

መንገድ ሳናጋምስ ጎማ ፈነዳ።

ያንኑ የድሮውን ክሪክ እስከ መጨረሻው ዘወርኩት። ጎማው ከመሬት አልላቀቅ አለ። ድንጋይ ብደርብለት ተንሸራተተና ለጥቂት እጄን ሳይበላኝ ቀረ። ተቀያሪው ደግሞ የድሮው፣ ትንሹ ጎማ ነው። አካፋ አለኝ፣ መጥረቢያ አለኝ። ምን ልቁረጥበት? አማቴ ሰዓታቸውን ባዩ ቁጥር እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

በዚህ መሀል ፈረሱ ደረሰ። አማቴ ከመኪናዋ ጎን አስጠጉት። መርገጫዋ ላይ ወጡ፤ ከዚያ ያለ ማንም ድጋፍ ኮርቻው ላይ ጉብ አሉ። ፊታቸው በራ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

“ልጄ፣ ይህችን መኪና እንዳትሸጣት” አሉኝ። “ፈረስ ላይ ለመውጣት እንደሷ የሚመች አላየሁም።”

ሰልፉ በሰዓቱ ተነሳ አሉ። እኔ አልነበርኩም፤ ክሪክ እየጠበቅኩ ነበር።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ? የእኔዋ ደግሞ ታሳፍራለች እንጂ አታደርስም።