የአባቴ ዕድሜና የሐይቁ ጭቃ

ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ሁሉ፦ ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ እግሩ በተሰበረ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ አንገቴን ወደ ግራ አዘንብዬና አፌን ከፍቼ እንቅልፍ የወሰደኝ መሆኑን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ሕልምም አየሁ።

ወደ ሕልሙ ከመግባታችን በፊት አጠገቤ አልጋው ላይ ማን እንደተኛ ልንገራችሁ። አባቴ ነው። ጋሽ ይመር፣ ልብስ ሰፊው። ሆዱ ውስጥ እብጠት ተገኝቶበታል። ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ፣ "ቶሎ ከወጣ ይድናሉ፤ ሰማንያን ካለፉ ግን ማደንዘዣውን ልባቸው አይችለውም፣ እኔም አልደፍርም። ስንት ዓመታቸው ነው?" አለኝ። እኔ አባቴን አየሁት። አባቴ ጣሪያውን አየ።

"ሰማንያ አንድ" አለ።

ይህ ሰው በር ላይ ለጥበቃው ሰባ አራት ብሎት ነበር። ሲስተር ሃያት ስትጠይቀው ደግሞ፣ ልጅቷ መልከ መልካም ናትና፣ ስልሳ ስምንት ሆነ። ለሐኪሙ ሰማንያ አንድ ያለው ቢላዋ ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። የሐኪም ስፌት ይንቃል። "የጎረቤታችንን የከበደን ሆድ አይቼዋለሁ፤ ጆንያ እንኳ እንደዚያ አይሰፋም!" ይላል። ሐኪሙ ግራ ገብቶት፣ "ከሰዓት እመለሳለሁ፤ እስከዚያ እውነተኛውን ዕድሜ አጣሩ" ብሎ ሄደ።

የሚያናድደው ነገር፣ የእኔ እንጀራ ዕድሜ ማጣራት ነው። የሐይቅ ወለል ላይ ረጅም ቱቦ እየሰካሁ ጭቃ አወጣለሁ። ጭቃ ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ ነው የሚተኛው። ውስጡ እንደ ከባዱ ካርቦን ያሉ፣ በየተወሰነ ዘመኑ ግማሾቹ ጨረር ረጭተው የሚጠፉ ነገሮች አሉ፤ የቀረውን ለክቼ ያለፈውን ዘመን አሰላለሁ። ኃያላኑ በሩቅ አገር ቦምብ ሲሞክሩ የተበተነው ብናኝ ሳይቀር፣ ዓለምን ዞሮ ከዝናብ ጋር ወርዶ እኛ ሐይቅ ውስጥ ተኝቷል። ያቺን ቀጭን ንብርብር ካገኘኋት፣ ከእሷ በላይና ከእሷ በታች እያልኩ እቆጥራለሁ። የአባቴን ዕድሜ ግን አላውቅም። እናቱ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም።

"ጭቃውን እንዲህ ስትነዘንዘው ተቆጥቶህ አያውቅም?" አለኝ አባቴ ምሳውን ወደ ጎን እየገፋ።

ወንበሩን ተደገፍኩና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ውኃው ከላይ ነበር፤ ሰማዩ ከታች። ኮሪደሩ የሐይቅ ዳርቻ ሆኗል። ነጭ ጋውን የለበሱ ጭቃዎች ቱቦ ተሸክመው ከላይ ወረዱ። ጋውናቸው ላይ አንዲት ነጥብ ቆሻሻ የለም።

"ናሙና አራጋው!" ብላ ዋናዋ ጭቃ ተጣራች።

"አቤት" አልኩ።

"አይዞህ፣ ትንሽ ያሳክክሃል እንጂ አያምህም። ሰውን ማጥናት ከጀመርን ሠላሳ ሺህ ዓመት አልፎናል፤ እስካሁን የሞተብን የለም።"

"በሠላሳ ሺህ ዓመት ምን አገኛችሁ?"

"ገና ነን። በጀቱ አልተለቀቀም።"

ቱቦውን ከአናቴ አስገብተው በተረከዜ በኩል ሳቡት። እውነትም አሳከከኝ። የወጣውን ነገር ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ለሁለት ሰነጠቁት። ራሴን ከዳር እስከ ዳር ንብርብር በንብርብር አየሁት፤ አላምርም ነበር። ዋናዋ ጭቃ ከላይ ያለውን ወፍራም ግራጫ ክፍል በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው።

"ይኼ የስብሰባ ዝቃጭ ነው" አለች። "ነፍስ ያለው ነገር አልተገኘበትም። ከሥሩ ያለው ደግሞ የፈተና ፍርሃት። ይቺ የምታብለጨልጨው..."

"እሷን እለፏት" አልኩ።

አለፏት፤ ጨዋዎች ናቸው። ታች፣ ተረከዜ አካባቢ ሲደርሱ ግን የጨረር መቁጠሪያቸው ትክ ትክ ትክ ማለት ጀመረ። ጭቃዎቹ ሁሉ ተሰበሰቡ። አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር ነበረች፤ እንደ ፍም የቀላች።

"አገኘናት!" አለች ዋናዋ። "ከእሷ በላይና ከእሷ በታች እያልን ነው የምንቆጥረው። ምን ነበር ያኔ?"

አወቅኋት። አንደኛ ክፍል የገባሁ ጊዜ ነው። የደሴ ብርድ ጥርስ ያራግፋል። አባቴ ከካፖርቱ ውስጥ ቀዩን ገበር ፈቶ በእኔ ጃኬት ውስጥ ሰፋው። ልጆቹ "ቀይ ሆዱ!" እያሉ ሲስቁብኝ ገበሩን እጠላው ነበር። አባቴ ከዚያ በኋላ ባዶውን ካፖርት ለብሶ ብዙ ክረምት አሳለፈ። ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ "ሙቀት አልወድም" ይላል።

ይህን ሁሉ ለጭቃዎቹ ነገርኳቸው። ዋናዋ ጭቃ አንገቷን ደፋች፤ ጠርዟ ላይ ትንሽ ውኃ አቀረረች።

"እባክሽ እህቴ" አልኳት፣ "አባቴንም ለኩልኝ። ሐኪሙ ሊመጣ ነው፤ ሰማንያ አላለፈም በሉኝ።"

"አባትህ በእኛ ክፍል የሉም። እድር ሄደዋል።"

"የማን እድር?"

"የካርቦኖቹ።"

ወዲያው ድንኳን በር ላይ ቆሜ ተገኘሁ። በሩን የሚጠብቀው አምባዛ ዓሣ ነበር፤ ጢሙን በዘይት አሹሎታል።

"መቼ ነው የተወለድከው?" አለኝ።

ነገርኩት።

"እንግዲያው ገና አልተወለድክም። ስትወለድ ና።"

ሙግት አላነሳሁም፤ ልክ ነው። በእኛ ሙያ የካርቦን ዕድሜ ሲቆጠር "ዛሬ" የሚባለው ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ሊቃውንቱ እዚያ ላይ ተስማምተው ቀሩ፤ ዛሬም ከዚያ ንቅንቅ አላለም።

"አባቴ ግን ገብቷል" አልኩት።

"ጋሽ ይመር? እሳቸው ዛሬ ነው የተወለዱት። ወይ ትናንት። ወይ ነገ። ጠይቀናቸው ነበር፤ አልነገሩንም።"

በእግሮቹ መሐል ሾልኬ ገባሁ። (አምባዛው እግር ነበረው።) ውስጥ ካርቦኖቹ ጋቢ ለብሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። የእኛ እድር የሚሰበሰበው ሰው ከሄደ በኋላ ነው። የእነሱ ግን የሚሄደው ሳይሄድ ነበር የሚሰበሰበው፤ ሁሉም አስቀድመው ይላቀሳሉ፣ ንፍሮውንም አስቀድመው ይበላሉ። ዳኛው ንፍሮ ዘገነልኝ።

"ዛሬ ማን ነው የሚሄደው?" አልኩት።

"ግማሾቻችን።"

"የትኞቹ?"

"አይታወቅም።"

"ያረጁት ይሆናሉ እንጂ።"

ሳቀብኝ። "የምን ማርጀት? ያ ጥግ ያለው አክሱም ሳትቆረቆር ጀምሮ እዚያው ነው። ይቺ አጠገቡ ያለችው ትናንት ከቅጠል ላይ መጣች። ዕድላቸው አንድ ነው። እዚህ ቤት ዕድሜ አይጠየቅም።"

"ታዲያ ቁጭ ብላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?"

"እንጫወታለን።"

አባቴ መሐላቸው ነበር። የልኬት ሜትሩን አንገቱ ላይ አጋድሞ አንድ ወፍራም ካርቦን አቁሞ ይለካል።

"እጅህን ዘርጋ! ሁለት ኒውትሮን ትርፍ ይዘህ ነው በወንድምህ ልክ የምታሰፋው? ወገቡ ላይ ለቀቅ ላድርግልህ እንጂ" ይለዋል።

"ጋሽ ይመር፣ ሳላደርሰው ብሄድስ?"

"ለብሰኸው ትሄዳለህ። ዝም ብለህ ቁም።"

ደስ ብሎት ነበር። እንዲህ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቷል። ልጠራው አፌን ስከፍት ደወል ተደወለ። ካርቦኖቹ እዚህም እዚያም፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ ጋቢያቸውን እያጠፉ መነሣት ጀመሩ። የሚሄደው የሚቀረውን ይስማል፤ የሚቀረው ንፍሮ በእጁ ይቋጥርለታል። አባቴም መቀሱን ኪሱ ከተተና ብድግ አለ። የለበሰው ያንን ካፖርት ነበር፤ ባዶውን።

"አባዬ፣ ወዴት ነው?"

"ሰው ሲነሣ ቁጭ ማለት ነውር ነው" አለ፣ ወደ በሩ እየሄደ።

ተከተልኩት። እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባ። ጭቃው ያዘኝ፤ ዋናዋ ነበረች፤ "አዝናለሁ፣ አንተ ገና አልተወለድክም" አለችኝ። አባቴ በሩ ጋ ደረሰ። አምባዛው መጋረጃውን ገለጠለት። ከውጭ የገባው ብርድ የደሴ ብርድ ነበር።

"አባዬ!" ብዬ ጮኽኩ። "ገበሩ እኔ ጋ ነው! ሳትለብስ አትሂድ! ገበሩ እኔ ጋ ነው!"

ነቃሁ።

ወንበሩ ተሰብሮ ወለል ላይ ነኝ። ሲስተር ሃያት ሳቋን በመዳፏ አፍናለች። ሐኪሙ ከበሩ አልፎ ቆሟል። የማዶ አልጋ በሽተኛ፣ "ምን አለ? ምን ጠፋው?" ይላል። አባቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ስንት ጊዜ እንደጮኽኩ አላውቅም። እሱ ግን ሁሉንም ሰምቷል።

"እሺ፣ ዕድሜያቸውን አጣራችሁ?" አለኝ ሐኪሙ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት አባቴ፣ "ስልሳ ዘጠኝ" አለ።

"ጠዋት ሰማንያ አንድ አላሉኝም?"

"ስልሳ ዘጠኝ ነኝ።"

"ለእኔ ስልሳ ስምንት ነበር ያሉኝ አባባ" አለች ሲስተር ሃያት።

"ካንቺ ጋር ከተጫወትን ቆየን እኮ ልጄ።"

ሐኪሙ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰካ። ልቡን አዳመጠ፣ ጀርባውን አንኳኳ፣ የምርመራ ውጤቶቹን ደግሞ ደግሞ አገላበጠ። በመጨረሻም፣ "ልብዎ ከአፍዎ የተሻለ ይናገራል፤ ደህና ነው። ነገ ጠዋት እንገባለን" አለው።

"ስፌቱን ደቀቅ አድርገህ ሥራልኝ" አለ አባቴ። "ጠርዙንም እንዳታጨማድደው። ውስጡ ገበር አለው።"

ሐኪሙ የገባው አልመሰለኝም፤ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እኔ ከወለሉ ተነሥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የአባቴ እጅ ቀዝቅዞ ነበር። ጃኬቴን አውልቄ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት፤ ወዲያው ውስጡን ገልጦ ስፌቱን አየና ፊቱን ቋጠረ፤ አላወለቀውም ግን።

"አባዬ፣ ጠዋት ሰማንያ አንድ ነበርክ" አልኩት።

"ነበርኩ።"

"ታዲያ አሁን ምን ተገኘ?"

"አልናገርም" አለና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።