የኔትወርኩ የውሃ አባት

በራያ ቆላ ሰው የሚጠራጠረው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ጎርፍ ስለሚጋራ ነው። ዝናቡ የሚጥለው ተራራው ላይ፣ ማሽላው የተዘራው ሜዳው ላይ ነው፤ በመሃል ደግሞ የላይኛው ባለማሳ አለ። ጎርፉ ሲወርድ እሱ በአንድ አካፋ አፈር ቦዩን ትንሽ ወደ ራሱ ቢያዘነብል ማን ያየዋል? ስለዚህ የታችኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንገቱን ወደ ላይ አስግጎ ይኖራል። ይህን ጥርጣሬ ልጓም የሚያስይዘው የውሃ አባት የሚባለው ሽማግሌ ነው። ተራ ያወጣል፣ የሰረቀውን ይቀጣል። ፍርዱ ይከበራል።

አሁን ወደ ኔትወርክ ልወስዳችሁ ነው። አትሳቁ፤ መንገዱ ያው ነው።

በቆቦ ገበያ ቀን ስልክ ይዞ መዞር ድንጋይ ይዞ ከመዞር አይለይም ነበር። አገር ምድሩ ስለሚደውል ማንም አይገናኝም። ኋላ ባለሙያዎች መጡና ከከተማው ዳር ባለው ማማ ላይ ሰፊ ሰሌዳ ሰቀሉ፤ በውስጡ ብዙ ትንንሽ አንቴናዎች ተደርድረውበታል። ገበያው መሃል፣ ሽንኩርት ተራ፣ በእትዬ ትርንጎ ሱቅ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ ሳጥን ገጠሙ። ወጣቱ መሃንዲስ ለተሰበሰበው ሰው አስረዳ፦ ሰሌዳው ለየስልኩ አቅጣጫ እየመረጠ ይልካል፤ ሳጥኗ ግርግሩ ውስጥ ያሉትን ስልኮች ተቀብላ ጫናውን ታቀልለታለች።

"እየመረጠ?" አለ የከብት ተራው ደላላ አስረሳ። "መራጩ ማነው?"

ትርንጎ ግን ስልኳ መጮኹን እንጂ መራጩን አልጠየቀችም። ሽንኩርት በቆላ ሙቀት ቀጠሮ አይጠብቅም፤ የጭነት መኪና ሾፌር ደውሎ ካጣት ቆቦን አልፎ ሌላ ቦታ ይጭናል፣ የሷ ምርት ማዳበሪያ ውስጥ ይበሰብሳል። ሳጥኗ ከመጣች ወዲህ ግን ሾፌሮቹ ያገኟት ጀመር።

"እትዬ፣ ያንቺ ሲያቃጭል የኔ ለምን ዲዳ ሆነ?" አላት አስረሳ።

"ካረጀ በሬ ጋር አብሮ ያረጀ ስልክ ይዘህ!"

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ያላጣራሁትን አላወራም። ስልኬን ይዤ ከተራ ተራ ዞርኩ። ኔትወርኩ በሁለቱም ቦታ ተሻሽሏል፤ በከብት ተራ ያለው ግን ከሽንኩርት ተራው ትንሽ ያንሳል። ያገኘሁትን ነገርኳቸው።

"ሰማችሁ? ያንሳል አለ!" አለ አስረሳ። ከተናገርኩት ሁሉ ያቺን ብቻ ይዞ ሄደ።

ሳጥኗ ትነሳልን የሚለው የከብት ተራ ሰዎች አቤቱታ የቀረበው ለውሃ አባቱ ለአያ ስዩም ነው። ከግራሩ ሥር ተቀምጠው መሃንዲሱን አስጠሩት።

"ሳጥኗ ከማማው ትቀዳለች?"

"የለም አባቴ፣ የራሷ ገመድ አላት።"

"ገመዱስ ከየት ይመጣል?"

"ከዋናው መስመር።"

"እንግዲያው ቦይ ናት" አሉና ፈረዱ። ሳጥኗ ትቆይ፤ ግን በተራ። ጠዋት ከብት ተራ ይደውል፣ ከሰዓት ሽንኩርት ተራ። ተራው ያልሆነ ስልኩን ያጥፋ። መኪና የሚመጣው ከሰዓት ስለሆነ ትርንጎ እፎይ አለች።

ልስቅ ነበር። ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ኔትወርኩ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም። የገበያው እኩሌታ ስልኩን አጥፍቶ ለምን አይጠራም? ይህንንም ነገርኳቸው። ማንም አልሰማኝም፤ ሁሉም የሌላውን ተራ ጆሮ እየጠበቀ ነበር። በዚያ ሰሞን ጆሮውን ያከከ ሰው ሁሉ ተጠርጥሯል።

ታዲያ አንድ ቀን ያው መሃንዲስ መሰላል ይዞ መጣና ብሎኑን መፍታት ጀመረ። ገበያ ቀን እዚህ የሚጠቀመው ሰው በግማሽ ቀንሷል የሚል ሪፖርት ደርሶት ኖሯል። ጎረቤት ከተማዋ ዋጃ ግን ተጨናንቃለች፤ ሳጥኗ ወደዚያ ትዛወራለች። ስለ ተራው ነገርኩት።

"ጋሼ፣ ሲስተሙ የጠፋ ስልክ አይቆጥርም" አለኝ።

ትርንጎ መሰላሉን ጨምድዳ ይዛ "እንኳን ሳጥኗን፣ አንተንም አላወርድህም!" አለችው። ገላጋዮች አወረዷቸው፤ ሁለቱንም።

አስረሳ ይደሰታል ብዬ ነበር። ፊቱን ወደ ዋጃ አዙሮ ቆመ፦ "አላልኳችሁም? ጠለፉት!"

ከዚያ ወዲያ የትርንጎ ስልክ ዝም አለ። አንድ ጭነት ሽንኩርት በሰበሰባት። በሚቀጥለው ገበያ ማዳበሪያዎቿን ባጃጅ ላይ ጭና ዋጃ ወረደች፤ ሳጥኗ የተሰቀለችበት አዲሱ ግድግዳ አጠገብ ቦታ ተከራየች። ሄጄ አየኋት፤ አራግፋ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ።

አስረሳ ይህን ሲሰማ ለቆቦ ሁሉ አወጀ፤ ከመጀመሪያውም ሳጥኗ የትርንጎ ነበረች፣ ከመሃንዲሱ ጋር ተስማምታ ነው ያስወሰደቻት። ላስተባብል ተነሳሁ። ያየሁትን ሁሉ፣ ዋጃም ከሳጥኗ ሥር ስልኳ መጮኹን ጭምር፣ አንድ በአንድ ስናገር ግን ቃሌ ለሱ ምስክርነት ሆኖ ቁጭ አለ።