ባሕር ያየው አያ ጋረደው

በየሰፈሩ ባሕር ያየ አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ በሱዳን የምንኖር የገዳሪፍ ሐበሾች ደግሞ ከወንዝና ከክረምት ጎርፍ ሌላ ውኃ ስለማናውቅ፣ እንዲህ ያለው ሰው ጨዋታችንን እንዳሻው ይገዛዋል።

የኛው ክቡር የባሕር ሊቅ አያ ጋረደው ናቸው። በወጣትነታቸው ከፖርት ሱዳን በስተደቡብ ለዓሣ አጥማጆች መረብ እየጠገኑ አራት ዓመት ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት እዚህ ማሽላ ሲያስጭኑ ኖሩ፤ ስለ ማሽላ ግን አንዲት ቃል ተንፍሰው አያውቁም።

ትምህርት ቤታቸው የብርቱካን ሻይ ቤት ነው። ዳቦ ይዘህ ከተቀመጥህ አበቃልህ። ከእጅህ ይወስዱና ታቹን ብቻ ሻይ ያስነኩታል። "ባሕር ገደልን ከላይ አይበላም፤ ከታች ነው የሚበላው" ይላሉ። ማዕበሉ የገደሉን እግር ቦርቡሮ ዋሻ ያደርገዋል። ዋሻው ወዲያ ማዶ ሲበሳ በር ይሆናል። የበሩ ጣሪያ አንድ ቀን ይናድና ምሰሶው ለብቻው ባሕር ውስጥ ይቀራል። ይኼኔ ዳቦህም ብርጭቆው ውስጥ ገብቷል። "ኸላስ፣ አለቀ፤ ገባህ?" ይሉሃል። ብርቱካን ለትምህርቱ የሚሆን ያደረ ዳቦ ማስቀመጥ ጀምራ ነበር፤ እሳቸው ግን ትኩሱን ነው የሚመርጡት።

ጎረቤታችን ሱለይማን አጥሩ የተናደ ጊዜም "ከታች ነው" አሉት። ፍየል ገፍታው ነው ቢላቸው፣ "ፍየሏም ከታች ነው የጀመረችው" ብለው ዘጉት።

ከሁሉ የሚወዱት ግን መረብ ይጠግኑበት በነበረው ዳርቻ ባሕሩ የበሳው አንድ የድንጋይ በር ነበር። ባለቤታቸው አሰፋሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "እሺ" ያለቻቸው እዚያ በር ሥር፣ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆማ ነው። ይህን ሲያወሩ የማንንም ዳቦ አይነኩም።

አገሩን የያዘው ጦርነት የመንግሥቱን መሥሪያ ቤት ሁሉ ወደ ፖርት ሱዳን ወሰደውና፣ አምና ለመኖሪያ ወረቀት እዚያው ሄድሁ። "ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ በሩን አይተህልኝ ና" አሉኝ። ሌላ ምንም አላዘዙኝም።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ወደ ቦታው ወሰደኝ። በሩ የለም። ከዳር ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ምሰሶ ብቻ ቆሟል፤ አናቱ ላይ ወፍ ተቀምጣለች። ምን ብዬ እንደምነግራቸው ስጨነቅ ገዳሪፍ ደረስሁ።

"በሩ አለ?" አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

"አለ፣ አያ ጋረደው። እንደነበረ ነው።"

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "እንግዲያ አልሄድህም።"

"ወላሂ ሄጃለሁ።"

"ያኔውኑ ጣሪያው ሳስቶ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ዳቦህን ያበላሸሁት በከንቱ ነው?"

ብርቱካን ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆመች። መዋሸቱ አላዋጣኝም። "ወድቋል" አልኋቸው። "የቀረው አንድ ምሰሶ ነው።"

"አላልሁም?" አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። "የየትኛው በኩል ምሰሶ ነው የቀረው?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"የባሕሩ በኩል።"

"እሷ ተደግፋ የነበረው እሱን ነው" አሉ።

ትኩስ ዳቦዬን ወደሳቸው ገፋሁላቸው። ሻይ አላስነኩትም። ለሁለት ቆርሰው ግማሹን መለሱልኝና በላን። ከሳቸው ጋር ተቀምጬ ደረቅ ዳቦ ስበላ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ አልጣፈጠኝም።

በማግስቱ ትኩስ ዳቦ ይዤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥሁና፣ "አያ ጋረደው፣ ባሕር የሚበላው ከየት በኩል ነው ያሉኝ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።