አምፕሊፋየሩን ስጠግን ዳንቴሉንም በቦታው መለስኩት

ዛሬ ቁስቋም ሰፈር፣ ጋሽ ተፈራ ሳሎን ውስጥ የሆነውን ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ። ስለዚህ ምስክሮቼን አንድ በአንድ ልጥራ።

ጋሽ ተፈራ፣ ጊታራቸውን ይዘው። ባለቤታቸው እትዬ አለሚቱ። ልጃቸው ሂሩት። ሱቁን ዘግቶ የመጣው ጎረቤታቸው ሸሪፍ። በር ላይ ማዳበሪያውን ታቅፎ የሚጠብቅ ቆራሌው፣ አሮጌ ዕቃ ገዢው። እና እኔ፣ ጠጋኙ።

ቆራሌው ምን ሊሠራ መጣ?

ጋሽ ተፈራ በወጣትነታቸው ሆቴል ይጫወቱበት የነበረው የጊታር አምፕሊፋየር ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። እትዬ አለሚቱ ቆርጠዋል። «ዛሬ ካልጮኸ ይሄዳል! ሳሎኔ ይስፋልኝ!»

ጋሽ ተፈራ ጊታሩን ብቻ ደጋግመው ይወለውሉ ነበር።

እኔ ጥገና የተማርኩት ከቪዲዮ ነው። ይሄኛው ደግሞ የድሮ ነው፤ ድምፁን የሚያጎሉት ቲዩብ የሚባሉ፣ አምፖል የሚመስሉ ብርጭቆዎች ናቸው። ሲሞቁ ውስጣቸው ፍም ይመስላል። ሳያቸው የመጣሁበትን እረሳለሁ። የእውነቴን ነው!

ያበጡትን ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን፣ ቀየርኩ። የቲዩቦቹን እግር አጸዳሁ። የሚንኮሻኮሸውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ጠረግኩ።

አንድ ደንብ አለኝ። ከመፍታቴ በፊት ፎቶ አነሳለሁ፤ ስገጥም ፎቶውን እያየሁ ሁሉንም እንደነበረ እመልሳለሁ።

ሁሉንም!

ከሰዓት ጉም ከእንጦጦ ወርዶ መስኮቱን ነጭ አድርጎታል። ማብሪያውን ተጫንኩ። ፍሙ ቀስ እያለ መጣ። ጋሽ ተፈራ አንዱን ክር ነኩት።

ጮኸ!

ወፍራም፣ ለስላሳ ድምፅ። ሳሎኑ ከነሶፋው ጉሙ ላይ የሚንሳፈፍ መሰለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከዚያ ሸተተኝ።

«ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ! ሁላችሁም ውጡ! ሴፍቲ!»

ሶኬቱን ነቀልኩና ሮጥኩ። ግቢው ጋ ማን ቀድሞ ደረሰ? እኔ። ሽማግሌው ከነጊታራቸው ከኋላዬ።

ግቢ ቆሜ የአምፕሊፋየር ትራንስፎርመር እንዴት እንደሚቃጠል ማስረዳት ጀመርኩ። ሽቦው፣ ሙቀቱ፣ ዕድሜው... «አይተርፍም» አልኩ፣ እንደ ሐኪም ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ጋሽ ተፈራ ጊታሩን አቅፈው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቆራሌው ማዳበሪያውን ዘረጋ።

«ልጫነው?»

ሂሩት ግን ተመልሳ ገብታ ነበር። «አንተ! ይሄ የእማዬ ዳንቴል አይደል እንዴ?»

ነው።

እትዬ አለሚቱ ዳንቴል የማያለብሱት ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሶፋው ለብሷል፣ ዝም ብሎ የኖረው አምፕሊፋየርም ለብሶ ነበር። ፎቶው ላይ የዳንቴሉ ጫፍ በክፍቱ ጀርባ ወደ ውስጥ ገብቷል። እኔም ያንኑ ጫፍ፣ ቅንጣት ሳልሳሳት፣ እዚያው መለስኩት።

የሚግለው ቲዩብ ላይ!

ሸሪፍ ግድግዳ ተደግፎ በሳቅ ፈረሰ። «ወንድሜ፣ አቧራውንስ መለስክለት?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

እትዬ አለሚቱ ዳንቴሉን አንስተው በተቃጠለው ቀዳዳ አሾልቀው አዩኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«በል ክፈተው» አሉ። «ገና ሳልጠግበው ነው ያሯሯጥከን።»

ጋሽ ተፈራ ተጫወቱ። ጉሙ በር ድረስ መጣ። ቆራሌው ማዳበሪያውን አጥፎ ተቀመጠበት።

ሲጨርሱ እትዬ አለሚቱ በር ላይ ወዳለው ቆራሌ ዞሩ። «ልጄ፣ የተበሳ ድስት አለኝ። እሱን ውሰድ።»

ጋሽ ተፈራ ቀና ብለው አዩዋቸውና ሁለተኛ ዘፈን ጀመሩ።

ትምህርቱ? ሁሉም ነገር እንደነበረ መመለስ የለበትም። ይህን ለመማር የሰው ዳንቴል ማቃጠል ነበረብኝ?

አሁን ምስክሮች፣ የጎደለውን ሙሉልኝ። በሁለተኛው ዘፈን መሃል እትዬ አለሚቱ ጎንበስ ብለው ለጋሽ ተፈራ አንድ ነገር አሏቸው፤ እሳቸውም ክር ስተው ሳቁ። እኔ የቲዩቦቹን ፍም እያየሁ አመለጠኝ። ሂሩት፣ ሸሪፍ፣ ቅርብ ነበራችሁ። ምን አሏቸው?